የኩክ ካርታ፣ የኬንዳል ሰዓት፣ የብላይ ሚዛን

ጄምስ ኩክ የሳለውን የኒውዚላንድ ካርታ መጀመሪያ የሚያይ ሰው ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ስሕተቱ ላይ ነው። ስሕተቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ትልልቅ፣ ሁለቱም ደቡባዊው ደሴት ላይ። በምሥራቅ በኩል ከዋናው መሬት ጋር የተያያዘውን ባሕረ ገብ መሬት በውኃ የተከበበ ደሴት አድርጎታል። በደቡብ ጫፍ ደግሞ ራሱን የቻለውን ደሴት ከመሬቱ ጋር ሰፍቶታል። የዛሬውን ካርታ አጠገቡ ላስቀመጠ ልጅ እንኳ ወዲያው ይታየዋል።

እኔም መጀመሪያ ያየሁት ይህንኑ ነበር። ኋላ ግን ካርታውን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ፣ ጠረፉን ከሰሜን ጫፍ ጀምሬ በጣቴ ስከተል አመሸሁ። መስመሩ አይቸኩልም። ባሕሩ ወደ መሬት በገባበት ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ቋጥኙ በወጣበት አብሮ ይወጣል። ከጠረፉ ፈንጠር ብሎ መርከቧ የሄደችበት ቀጭን መስመር ይታያል፤ በአጠገቡ ትንንሽ ቁጥሮች እንደ ተበተነ ጤፍ ተዘርተዋል። የውኃው ጥልቀት ናቸው። ቁጥር ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ መርከበኛ እርጥብ ገመድ በእጁ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። እኔ የቀሚስ ጥልፍ ሳይ ገልብጬ ጀርባውን የማይ ሰው ነኝ፤ ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ የት እንደተዘለለ የሚታወቀው በዚያ በኩል ነው። የዚህንም ካርታ ጀርባ ለማየት የተነሣሁት በዚሁ አመሌ ነው።

ሥራው ሲለካ ይህን ያህላል፦ 2,400 ማይል ጠረፍ፣ አንዲት መርከብ፣ ስድስት ወር ያልሞላ ጊዜ። የኩክ መርከብ ኢንዴቨር ኒውዚላንድን ያየችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥቅምት 6 ቀን 1769 ነው፤ የሄደችው በመጋቢት 1770 መጨረሻ። ከዚያ በፊት አውሮፓውያን ስለዚህ አገር የነበራቸው ሆላንዳዊው ታስማን በ1642 በምዕራብ በኩል ሲያልፍ የጫረው ያልተዘጋ መስመር ብቻ ነበር።

መርከቧ ለክብር የተሠራች አልነበረችም። በዊትቢ ወደብ በ1764 ተሠርታ የድንጋይ ከሰል ስታመላልስ የነበረች፣ ሆዷ ሰፊ፣ አካሄዷ ዝግ ያለ፣ ርዝመቷ 32 ሜትር ገደማ የሆነ ዕቃ ጫኝ ናት። ባሕር ኃይሉ በ2,800 ፓውንድ ገደማ ገዝቶ ከ90 በላይ ሰው ጠቀጠቀባት። አዛዧም እንደሷው ነው። የኩክ አባት በሰው እርሻ ላይ የሚሠራ ድኻ ነበር፤ ልጁ በዚያው በዊትቢ የከሰል መርከብ ላይ ሙያ ተምሮ፣ በ1755 ባሕር ኃይል ሲገባ ከተራ መርከበኛነት ጀመረ። ካፒቴን ኩክ የምንለው በልማድ ነው እንጂ ይህን ካርታ ሲሠራ ማዕረጉ ሌተና ነበር።

ቅየሳ የተማረውም በትምህርት ቤት አይደለም። በ1758 በካናዳ ጦርነት ላይ ሳለ፣ ሉዊስበርግ አጠገብ ከባሕሩ ዳር አንድ የጦር መሐንዲስ ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ ተክሎ፣ በላዩ አሻግሮ እያየ ሲጽፍ ተመለከተ። ጠጋ ብሎ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ሰውየው ሳሙኤል ሆላንድ ይባላል፤ አሳየው። በኋላ ኩክ ከ1763 እስከ 1767 በየበጋው ኒውፋውንድላንድን ሲቀይስ ቆየ። እዚያ ግን ሥራው የመሬት ነው፤ ጀልባ አውርዶ፣ ኮረብታ ወጥቶ፣ ጠረጴዛውን ተክሎ የሚሠራ። ፓስፊክ ላይ ጠረጴዛው ራሱ ይንሳፈፋል።

ታዲያ ከሚንሳፈፍ ጠረጴዛ ላይ አገር እንዴት ይሳላል?

የሰሜናዊውን ደሴት ምዕራብ ጠረፍ እንውሰድ፤ ወሩ ጥር 1770 ነው። ከባሕሩ ዳር ጫፉ በረዶ የለበሰ፣ እንደ ሞሶብ ክዳን የሾጠጠ ተራራ ይታያል፤ የአገሩ ሰዎች ታራናኪ ይሉታል። መርከቧ ከጠረፉ ጥቂት ማይል ርቃ ትሄዳለች። መኮንኑ በኮምፓስ አሻግሮ ተራራው በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ያነባል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ከዚያ ቀጣዩ ሹል ቋጥኝ፣ ከዚያ የወንዙ አፍ፣ ከዚያ ነጩ ገደል። መርከቧ ትቀጥላለች። ሌላ ቦታ ሲደርሱ ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ቋጥኝ እንደገና ያነባሉ። ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ቦታ አንድ መስመር፣ ከሁለተኛው ቦታ ሌላ መስመር ይሰመራል፤ የሚገናኙበት ነጥብ ተራራው ያለበት ነው። ሦስተኛ መስመር ተስቦ በዚያው ነጥብ ካለፈ እሰየው። ካላለፈ አንዱ ንባብ ተሳስቷል፤ የቱ እንደሆነ ማደን ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን መርከቧ በሁለቱ ንባቦች መካከል ምን ያህል እንደሄደች ከታወቀ ነው። ለዚህ በየሰዓቱ ከመርከቧ ኋላ ገመድ የታሰረበት ሳንቃ ይጣላል። ሳንቃው ውኃው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ መርከቧ ስትርቅ ገመዱ ይፈታል፤ ገመዱ ላይ በእኩል ርቀት ቋጠሮ አለ። አንዱ ትንሿን የአሸዋ ሰዓት ይገለብጣል፣ ሌላው በጣቶቹ መካከል የሚያልፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥራል። የመርከብ ፍጥነት ዛሬም በኖት፣ ማለትም በቋጠሮ፣ የሚለካው በዚህ የተነሣ ነው። በጎን ደግሞ ጥልቀት መለኪያው አለ፦ ከታቹ ጎድጎድ ያለ እርሳስ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ሞራ ተሞልቶበታል። እርሳሱ የባሕሩን ወለል ሲነካ ሞራው ካለው ነገር ይዞ ይወጣል፤ አሸዋ፣ ጭቃ፣ የዛጎል ስብርባሪ። ምንም ሳይዝ ጭረት ብቻ ይዞ ከወጣ ታች ዐለት ነው፤ መልሕቅ አይጣልም። ያች እንደ ጤፍ ያልኳት ቁጥር ይህን ሁሉ አልፋ ነው ካርታ ላይ የምታርፈው።

ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ ከፍታዋን ለክተው ኬክሮሱን ያገኛሉ፤ የቀኑ ስሌት የሚታረመው በዚያ ነው። ሲመሽ ሌላ ጣጣ አለ። በጨለማ የታለፈ ጠረፍ ያልታየ ጠረፍ ነው፤ ስለዚህ ሁኔታው ሲፈቅድ ሸራ ቀንሰው ባሉበት አካባቢ ይዋልላሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ማታ መጨረሻ ያዩትን ቋጥኝ ፈልገው ከዚያ ይቀጥላሉ። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። ነፋስ ከመሬት በኩል ሲነፍስ፣ ምግብ እየጎደለ፣ ሰው ወደ አገሩ መመለስ እየናፈቀ፣ በየማለዳው ወደ ኋላ ተመልሶ ትናንት የተቋረጠውን ክር ማንሳት ግን የግትር ሰው ሥራ ነው።

ግትርነቱ ጎልቶ የሚታየው ሰሜን ጫፍ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1769 መጨረሻ፣ እዚያ በጋ መሆን በሚገባው ወር፣ ማዕበል ተነሥቶ መርከቧን ደጋግሞ ወደ ባሕር ወረወራት። ኩክ ግን የደሴቱን ጥግ ቦታ በትክክል ሳይዝ አልሄድም ብሎ ሳምንታት ተመላለሰ። ጥጉን በመጨረሻ ያስቀመጠበት ቦታ ከእውነተኛው የሚርቀው ጥቂት ማይል ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ሱርቪል የሚባል ፈረንሳዊ የመርከብ አዛዥ በዚያው ጫፍ ዞሮ አልፏል። ሁለቱ መርከቦች አልተያዩም፤ ከአውሮፓ እስከዚያ ድረስ ሄዶ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጥግ መተላለፍ!

ኬንትሮስ የበለጠ ያስቸግራል። ኬንትሮስ በመሠረቱ የሰዓት ልዩነት ነው። ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለማወቅ መርከበኛ መሆን የለበትም፤ ስልክ ከማንሳቱ በፊት «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ያሰላል። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች፤ እኔ ያለሁበትን ሰዓትና በዚያችው ቅጽበት ግሪንዊች ያለውን ሰዓት ካወቅሁ፣ ልዩነቱ በምሥራቅና በምዕራብ የት እንዳለሁ ይነግረኛል። ችግሩ የግሪንዊችን ሰዓት ከየት ማምጣት ነው። ኩክ በዚህ ጉዞ ሊታመን የሚችል የባሕር ሰዓት አልያዘም። ሰዓቱ ጨረቃ ነበረች። ጨረቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ በከዋክብቱ መካከል የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች፤ ከፀሐይ ወይም ከአንድ ኮከብ ያላትን ርቀት በሴክስታንት ከለኩ በኋላ፣ ያ ርቀት በግሪንዊች በስንት ሰዓት እንደሚሆን የሚያሳየውን ከ1767 ጀምሮ የሚታተም አልማናክ መግለጥ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የእጁን ጥራት እንመልከት። በርቀቱ ላይ የ1 ዲግሪ ስድሳኛዋን ያህል ከሳቱ፣ ኬንትሮሱ በግማሽ ዲግሪ ይስታል። ያቺ ስድሳኛ ደግሞ ዐይን ለይቶ ማየት ከሚችለው ትንሹ ነገር ጋር የምትቀራረብ ናት፤ ተመልካቹም የሚቆመው በሚዋዥቅ ወለል ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ አለ፤ ገጽ ሙሉ ቁጥር። ከኩክ ጋር የሄደው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ቻርልስ ግሪን መኮንኖቹን ይህን አስተማረ። ኩክ በማስታወሻው እንደመሰከረለት ከበታች መኮንኖቹ አንዳንዶቹ ከመምህራቸው ብዙም የማያንስ ሥራ ለመሥራት በቁ። የኩክ ሚስት የአጎት ልጅ የነበረው አይዛክ ስሚዝ ገና ወጣት ሳለ ካርታዎቹን አጥርቶ ይገለብጥ ነበር። ግሪን የድካሙን ፍሬ አላየም፤ በጥር 1771 በመልስ ጉዞ ላይ ሞተ።

አሁን ወደ ጥልፉ ጀርባ ልምጣ። ኩክ ኒውዚላንድን ለቆ ሲሄድ በማስታወሻው ስለ ገዛ ካርታው ፍርድ ጻፈ፤ እኔ ከካርታው ይልቅ የማደንቀው ይህንን ነው። በሰሜናዊው ደሴት ምሥራቅ ጠረፍ የተሠራው ጥሩ ነው ይላል፤ ቅርብ ሆነን አይተነዋል። ሌላው ክፍል ላይ ግን አንዳንድ ቦታ ልንስት እንችላለን ይላል። ደቡብ ምሥራቁና ደቡቡ ላይ ሲደርስ ምንም ሳያድበሰብስ፣ መሬቱን መጠጋት ስላልቻልን አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ባሕር ስለተወረወርን ካርታው እዚህ በብዙ ቦታ ስሕተት እንደሚኖርበት አያጠራጥርም ብሎ ያስቀምጣል። ለአለቆቹ የሚሰጥ ሰነድ ላይ ነው ይህን የጻፈው፤ ማዕረግ የሚጠብቅ ሌተና ሆኖ። የትኛው ስፌት በጥንቃቄ፣ የትኛው በችኮላ እንደተሰፋ ልብሱን ሲያስረክብ የሚነግር ልብስ ሰፊ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ደግሞ ዊሊያም ዌልስ የተባለው የሥነ ፈለክ ባለሙያ በአዲስ ልኬት ሲፈትሸው፣ ደቡባዊው ደሴት በሞላው ወደ ምሥራቅ 40 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 30 የባሕር ማይል፣ እንደተገፋ ተገኘ። ኩክ ይህንንም ራሱ ጽፎ አወጣው። በሌላ በኩል በ1772 በዚያው የሄደው ፈረንሳዊው መኮንን ክሮዜ ካርታውን ከጠረፉ ጋር አስተያይቶ፣ የራሱን አገር ጠረፍ እንኳ በዚህ ጥራት የሳለ እንዳለ ተጠራጠረ። የተፎካካሪ ባሕር ኃይል ምስክርነት ነውና ሚዛን ይደፋል።

ለመሆኑ ባለ ሁለት ስሕተቱ ጠረፍ እንዴት እንደተሳተ ይታወቃል? የመጀመሪያው ታሪክ አለው። በየካቲት 1770 አጋማሽ ኩክ ያን ባሕረ ገብ መሬት አይቶ ደሴት ነው አለ፤ ከኋላው ያለው ሜዳ እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከሩቅ ባሕር ይመስላል። በተፈጥሮ ተመራማሪው በጆሴፍ ባንክስ ስምም ሰየመው። ቀርቦ እንዳያረጋግጥ ሌተና ጎር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሌላ መሬት አይቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ኩክ አላመነም፤ ነገር ግን መኮንኑ አየሁ ያለውን ሳያጣራ ሄደ እንዳይባል መርከቧን ወደዚያ አዞረ። መሬት አልነበረም፤ ደመና ሳይሆን አይቀርም። ሲመለሱ ባሕረ ገቡን አልፈውት ነበር። (በዚያው ወር ሌላው የዘመኑ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የራሱን መለኪያ አስጭኖ ጎንደር ገብቷል። ሁለቱም ከሰማይ እያነበቡ የምድርን ቦታ የሚወስኑ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በከሰል መርከብ።)

ስለ ስሞቹ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መስመሩ ንጹሕ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ግን ሌላ ነገር ነው። ኩክና ሰዎቹ መጀመሪያ ባረፉበት በቱራንጋኑይ በጥቂት ቀን ውስጥ የአገሩ ሰዎች፣ ማኦሪዎች፣ በጥይት ተገድለዋል፤ የሚፈልገውን ስንቅ ስላላገኘበትም ወደቡን የድኽነት ሰላጤ ብሎ ጠራው፤ ባለቤቶቹ ቀድመው ስም ያወጡለትን ቦታ። ደሴቶቹን በጠቅላላው ግን ከአገሩ ሰዎች እንደሰማው በማኦሪኛ ስማቸው፣ በጆሮው በተሰማው አጻጻፍ፣ አስቀምጧቸዋል። ይህን ሊሰማ የቻለው በቱፓያ ነው። ቱፓያ ከራያቴያ ደሴት የተነሣ ካህንና መርከብ መሪ ነው፤ ኮምፓስም ወረቀትም ሳያሻው ስለ ብዙ ደሴቶች ያውቅ ስለነበር 74 ደሴቶች ያሉበትን ካርታ አስሳላቸው። ማኦሪዎቹ ንግግሩን ይሰሙት ነበር። በታኅሣሥ 1770 ባታቪያ ላይ ሞተ፤ የእሱ የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚነበብ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

ኩክ ለሁለተኛው ጉዞ በ1772 ሲነሣ ግን ከጨረቃ ሌላ ሰዓት ይዞ ነበር። ላርከም ኬንዳል የሠራው፣ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ 1.45 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው፣ ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ነገር። የፈጠራው ባለቤት አናጢው ጆን ሃሪሰን ነው፤ ኬንዳል የሃሪሰንን አራተኛ ሰዓት ልክ በልክ እንዲገለብጥ ታዘዘ። ለዚህም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፈጀበት፤ 450 ፓውንድ ተከፈለው፣ 50 ተመረቀለት። እንግዲህ አምስት ስድስት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ኢንዴቨርን ይገዛሉ ማለት ነው። የሃሪሰን ልጅ ዊሊያም እንኳ አንዳንድ ቦታ ላይ የኬንዳል እጅ ከአባቱ እንደሚበልጥ አምኗል።

ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ሳህን ላይ ቅጠልና ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ባሕር ላይ ማንም ሊያየው የማይችል ሐረግ። ከሥሩ ያለው ግን ጌጥ አይደለም። ሰዓቱ በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል። የሚጋጩት ጫፎች አልማዝ ናቸው፣ ዘንጎቹ የሚዞሩበት ቀዳዳ ቀይ ዕንቁ ነው፤ የማይበላ፣ ብዙ ዘይት የማይፈልግ። ሙቀት ሞላውን ሲያላላው ሰዓት ይዘገያል፤ ስለዚህ ናስና አረብ ብረት የተጣበቁበት ስስ ጥፍጥፍ አለበት። ሁለቱ በሙቀት እኩል ስለማይረዝሙ ጥፍጥፉ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ የሞላውን ልክ ያስተካክላል። ሰዓቱ ሰው ሳይነካው ሙቀቱን ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ፣ የተጠመጠመ ትልቅ ሞላ መጀመሪያ ብርቱ፣ መጨረሻ ደካማ ነው። ይህን ለማጥፋት መሐል ላይ ትንሽ ሞላ ተቀምጧል፤ ትልቁ በየሰባት ሰከንድ ተኩሉ ይሞላዋል፣ ሥራውን የሚሠራው ትንሹ ነው። ጉልበቱ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት እንዲሆን።

ባለሥልጣናቱ ሰዓቱን እንደ ግምጃ ቤት አስጠበቁት። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በአዛዡ፣ አንዱ በመጀመሪያው ሌተና፣ አንዱ በዌልስ እጅ። ሰዓቱ በየቀኑ ሲሞላ ሦስቱም መገኘት አለባቸው። ከአንታርክቲክ በረዶ እስከ ሐሩር፣ ሦስት ዓመት፣ በየቀኑ ሦስት ሰው። ጆን አርኖልድ ሠርቶ የላካቸው ሌሎች ሰዓቶች አላዋጡም፤ የኬንዳል በቀን ከ8 ሰከንድ በላይ እንዳልሳተ ይነገራል፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 2 የባሕር ማይል ነው። የጨረቃ ሰው የነበረው ኩክ ሲመለስ የሰዓቱ ጠበቃ ሆኖ ነው የመጣው። በሦስተኛው ጉዞ፣ ኩክ ሃዋይ ላይ በየካቲት 1779 ከተገደለ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰዓቱ ካምቻትካ ላይ ቆመ። ቀድሞ ከሰዓት ሠሪ ዘንድ ያገለገለ ቤንጃሚን ላየን የሚባል መርከበኛ ከፈተው። ያገኘው አንዲት የቆሻሻ ቅንጣት ነበር። አወጣት፤ ሰዓቱ ሄደ።

ኬንዳል ዋጋውን ለመቀነስ ሁለተኛ ሰዓት ሠርቶ ነበር፤ ያቺን ትንሽ ሞላ ትቶ፣ በ200 ፓውንድ። ይህ ሰዓት በ1787 በባውንቲ መርከብ ከዊሊያም ብላይ ጋር ሄደ። ብላይ በኩክ ሦስተኛ ጉዞ ላይ ካርታ ከሚሠሩት አንዱ ነበር፤ የጉዞው መጽሐፍ ሲታተም ካርታዎቹ የሌላ ሰው ስም ተጽፎባቸው ወጡ፤ ብላይም በራሱ ቅጂ ኅዳግ ላይ በንዴት ሥራው የእኔ ነው ብሎ ጻፈ። አመለ ክፉ ነው፣ ምላሱ ያቆስላል፤ ሚያዝያ 28 ቀን 1789 ያመፁበት ሰዎች ይህን አልፈጠሩትም። እሱንና 18 ሰዎችን 7 ሜትር ባላት ጀልባ ላይ ጥለው ሰዓቱን ይዘው ሄዱ። ካርታ መንካት ተከለከለ። ኮምፓስና አንድ የከፍታ መለኪያ ተፈቀደ።

ጀልባዋ ከተጫነች በኋላ ጠርዟ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበረ። ብላይ ግን እዚያ ውስጥ ሆኖ የባሕር ኃይሉን ሥራ አላቋረጠም። የፍጥነት መለኪያ ገመድ ጀልባው ላይ ሠራ፤ የአሸዋ ሰዓት ስለሌለ ሰዎቹ ሰከንድ በአፋቸው መቁጠር ተለማመዱ። በደረቱ ሸጉጦ በያዘው ትንሽ ደብተር ላይ በመንገዱ ያገኛቸውን የፊጂ ደሴቶች፣ በኋላም የአውስትራሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ሳለ። ደብተሩ ዛሬ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከሁሉ የምወዳት ግን ሚዛኗ ናት። ሁለት የኮኮናት ቅርፊት፣ ገመድ፣ መሐሉ ላይ የሚያንጠለጥል እንጨት። የሚመዘነው ዳቦ ነው። ለመመዘኛ ጀልባው ላይ የሽጉጥ ጥይት ተገኘ፤ 25 ጥይት አንድ ፓውንድ ይመዝናል። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የአንድ ጥይት ክብደት፣ ወደ 18 ግራም። ዳቦው ረጥቦ ሻግቷል፣ ሰዎቹ ሆዳቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ አንድ ሰው ግን ቅርፊቱ ቀጥ እስኪል ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ሁሉ ቅርፊቱን ያያሉ። በዚህ ሚዛን 3,618 የባሕር ማይል ሄደው በ47ኛው ቀን ሰኔ 14 ቲሞር ደረሱ። መጀመሪያ ላይ ቶፉዋ ደሴት ላይ በድንጋይ ከተገደለው አንድ ሰው በቀር በጀልባው ጉዞ የሞተ የለም።

ሰዓቱስ? አመፀኞቹ ፒትኬርን ይዘውት ገቡ። በ1808 አንድ አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ ከእነሱ ተቀበለ፣ ስፔኖች ከእሱ ወሰዱበት፣ በ1840 አንድ የእንግሊዝ መኮንን ቫልፓራይሶ ላይ ገዛው። አሁን ግሪንዊች ከታላቅ ወንድሙ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው።

የኩክን ሁለት ስሕተት በማረም ድርሻ ያላት ደግሞ አንዲት መርከብ ናት። በ1809 ፔጋሰስ የምትባል መርከብ፣ አዛዧ ሳሙኤል ቼዝ፣ ካርታውን አምና በባንክስ «ደሴት»ና በመሬቱ መካከል ለማለፍ ገባች፤ መተላለፊያ አጣች፤ ተመለሰች። በዚያው ጉዞ ላይ የነበረው የመርከቧ መኮንን ዊሊያም ስቲዋርት ኩክ ከመሬቱ ጋር የሰፋውን የደቡብ ጫፍ ደሴት ጠረፍ ቀየሰ። ደሴቱ ዛሬ በእሱ ስም ስቲዋርት ይባላል፤ ቼዝ መውጫ ያጣበት ውኃም የፔጋሰስ ሰላጤ ነው።